ለሦስት ጦር አንድ አውሮፕላን

የኢየሩሳሌም አባት አቶ ወልደማርያም ሽማግሌ የሚቀበሉበት አንድ ሕግ አላቸው፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተስማምተው መምጣት አለባቸው። ቀደም ሲል ታላቅ እኅቷን ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች እሳቸው እስከሚኖሩባት የስቶክሆልም ዳርቻ፣ ሜርስታ ድረስ በባቡር ተጉዘው፣ ደረጃውን ወጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ተከራከሩ። አቶ ወልደማርያም በሩን ገርበብ አድርገው «እናንተ ሳትስማሙ ልጄን ከማን ጋር ልታስማሙ ነው?» አሉና መልሰው ዘጉት። ሰውየው አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲያወርዱና ሲጭኑ ነው የሚውሉት፤ የመጣን ነገር ወደ መጣበት መመለስ አይከብዳቸውም። እኅቷ አሁን ያገባችው ሌላ ሰው ነው።

«አደራ ናታን፣ የሚስማሙ ሰዎች ፈልግ» አለችኝ ኢየሩሳሌም። «እኔ ሌላ ሰው ማግባት አልፈልግም።»

ወላጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ስቶክሆልም ውስጥ በአባት ቦታ የማያቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም አልቢ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮች። ሻምበል ካሳዬ የአየር ኃይል በራሪ ነበሩ፤ አሁን አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪቀመጥ ድረስም አይነሡም። ጋሽ ደምመላሽ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ አሁን የመዋኛ ገንዳ ይጠብቃሉ። ሻለቃ ገመዳ የምድር ጦር መድፈኛ ነበሩ፤ አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ፤ ድንቹ ራሱ ተሰልፎ የሚላጥላቸው ይመስላል። ሦስቱም ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱልኝ በደስታ እሺ አሉ። ቀኑም ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት መጀመሪያ እሑድ ሆነ። ይህን የተነጋገርነው ጥቅምት ላይ ነው። እስከ ግንቦት ድረስ ሦስት የሚዋደዱ ሰዎች በምን ይጣላሉ ብዬ ላስብ?

ኅዳር ላይ ሻምበል ካሳዬ ጋዜጣ ይዘው መጡ።

«ስሙ» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «አሜሪካኖቹ ለአየር ኃይሉም፣ ለባሕር ኃይሉም፣ ማሪን ለሚሉት የባሕር እግረኛ ጦራቸውም የሚሆን አንድ አውሮፕላን ሊሠሩ ነው። የጋራ። ሦስቱም ቁጭ ብለው ተመካክረው።»

«እኛስ ምን ይጎድለናል?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«አውሮፕላን» አሉ ሻለቃ ገመዳ።

በስዊድን አገር ሦስት ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር እንማር ካሉ ስቱዲሲርክል ይባላሉ፤ የጥናት ቡድን ማለት ነው። ለጥናት ቡድን ደግሞ ክፍል ይሰጠዋል። ስለ እንጉዳይ የሚያጠና ቡድን አለ፤ ስለ ሹራብ የሚያጠና አለ። በሳምንቱ አልቢ ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ «የጦር ኃይሎች የጋራ አውሮፕላን ልማት ፕሮግራም» ሥራ ጀመረ። ዓላማው በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ ክንዱን የዘረጋ ሰው የሚያህል፣ ለሦስቱም ጦር የሚስማማ አንድ አውሮፕላን ሠርቶ ማብረር ነው። ሊቀ መንበሩ እኔ ሆንኩ። አንደኛ፣ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ መካኒክስ እማራለሁ። ሁለተኛ፣ ከሦስቱ አንዳቸውም በሌላው ሊቀ መንበርነት ሥር ሊቀመጡ አልፈቀዱም።

በመጀመሪያው ስብሰባ እያንዳንዱ ጦር ፍላጎቱን እንዲያቀርብ ጠየቅኩ።

«ፍጥነት» አሉ ሻምበል ካሳዬ። «ሌላ ምንም አልልም። አውሮፕላን ማለት ፍጥነት ነው።»

«ውኃ ላይ ያርፋል» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «ተንሳፋፊ እግር ይኑረው። ጭራው ላይ ደግሞ መንጠቆ።»

«የምን መንጠቆ?» አሉ ሻምበል።

«መርከብ ላይ ሲያርፍ ገመድ የሚይዝበት ነዋ!»

«ደምመላሽ፣ ባሕር ኃይላችን አውሮፕላን የሚሸከም መርከብ ነበረው እንዴ?»

«አልነበረውም። ቢኖረውስ ኖሮ?»

«አሁን እኮ ባሕሩም የለም!» አሉ ሻለቃ ገመዳ። «ባሕር የሌለው ባሕረኛ!»

«ባሕሩ ሄደብኝ እንጂ እኔ ከባሕሩ አልሄድኩም» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። መልሱ ስላሳዘነኝ መንጠቆውን ጻፍኩላቸው።

ሻለቃ ገመዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምድር ጦር የሚፈልገው ስንቅ የሚያደርስ ነው። በጭቃ፣ በእርሻ ላይ የሚያርፍ፣ ወፍራም ጎማ ያለው። ሆዱ ውስጥ የበሶ ከረጢት ይያዝ፤ ክዳኑ በሬዲዮ ይከፈት። ሆዱም በብረት ይሸፈን፤ ከታች ይተኮስበታልና።»

«አልቢ ውስጥ ማን ነው የሚተኩስበት?» አሉ ሻምበል።

«እናንተ ቦምባችሁን ጥላችሁ ለምሳ ደብረ ዘይት ትመለሱ ነበር። ከታች ያለውን እኔን ጠይቀኝ።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እዚህ ላይ ያደረግኩት ነገር ያደግኩበት ነው። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ደግሞ አንዱን አሸናፊ፣ አንዱን ተሸናፊ አድርጎ አያሰናብትም። ለዚህም ጥቂት፣ ለዚያም ጥቂት ይሰጣል፤ ሁሉም ፊቱ ሳይጠቁር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስዊድኖችም ስብሰባ ላይ ከዚህ የተለየ አያደርጉም፤ ቀስ ብለው ነው እንጂ። ስለዚህ «የሁላችሁም ሐሳብ ጥሩ ነው» አልኩ። ፍጥነቱም፣ ተንሳፋፊውም፣ መንጠቆውም፣ ወፍራሙ ጎማም፣ በሶውም፣ የብረት ሽፋኑም ገባ።

ታኅሣሥ ላይ አውሮፕላኑ እንደ ከበደ ሒሳብ ሠርቼ አሳየኋቸው። «አንድ ነገር መቀነስ አለብን» አልኩ በትሕትና።

«ትክክል ነው» አሉ ሻምበል። «መንጠቆው ይውጣ።»

«ትክክል ነው» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «በሶው ይውጣ።»

«ልክ ብላችኋል» አሉ ሻለቃ። «ፍጥነት ምን ያደርጋል? ቀስ ብሎ ይድረስ።»

የማንንም መቀነስ ሌላውን ማስከፋት ስለሆነ ትልቅ ሞተር ገዛን። ትልቅ ሞተር ብዙ ነዳጅ ስለሚጠጣ ታንከሩ አደገ። ታንከሩን ለመሸከም ክንፉ ረዘመ። ክንፉ ሲረዝም አውሮፕላኑ በምድር ቤቱ በር አልወጣ አለ። ሹራብ የሚሠሩት ስዊድናውያት ሴቶች መተላለፊያው ላይ ቆመው በጎን፣ በቁም፣ በጀርባ ስንሞክረው አዩንና መስኮቱን ጠቆሙን። መስኮቱም ጠበበ። በመጨረሻ ክንፉን መሐል ለመሐል ቆርጠን ማጠፊያ ገጠምንበት።

ጋሽ ደምመላሽ ፊታቸው በራ። «ክንፉ የሚታጠፍ እኮ የመርከብ አውሮፕላን ነው! መርከብ ላይ ቦታ እንዳይፈጅ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ሻምበል ካሳዬ። «ይህ ለባሕር ኃይል የተሰጠ ተጨማሪ ነገር ነው። አየር ኃይል ካሳ ይፈልጋል።»

ካሳው አፍንጫው እንዲሾል ማድረግ ሆነ። የሾለውን አፍንጫ ያዩት ሻለቃ ገመዳ ደግሞ የብረት ልብሳቸው ለምን እንደ ዘገየ ጠየቁ። እስከ ማግስቱ አልጠበቁም፤ ከሚሠሩበት ወጥ ቤት ባዶ የዓሣ ቆርቆሮዎች አምጥተው፣ ቀጥቅጠው፣ የአውሮፕላኑን ሆድ ራሳቸው አለበሱት። ቆርቆሮው ምንም ቢታጠብ ሽታው አልለቀቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአልቢ ድመቶች የፕሮግራሙ አባል ሆኑ። ስብሰባ ስንገባ በሩ ላይ ይጠብቁናል፤ ስንወጣም ይሸኙናል።

መጋቢት ላይ ነገሩ የከረረው በቀለም ነው። አየር ኃይል ብርማ፣ ባሕር ኃይል ግራጫ፣ ምድር ጦር አረንጓዴ ጠየቀ። እኔም ጀርባውን አረንጓዴ፣ ሆዱን ግራጫ፣ ክንፉን ብርማ አድርጌ ፈረድኩ። አውሮፕላኑ ሦስት ልብስ ሰፊዎች የሰፉለትን አንድ ልብስ የለበሰ ሰው መሰለ። ሻምበል ካሳዬ ለረጅም ጊዜ አዩትና «ይህ አውሮፕላን ሳይሆን ጎመን ነው» አሉ።

«ጎመን ያልከው አረንጓዴውን ነው?» አሉ ሻለቃ።

«አረንጓዴውን ነው።»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም፤ ልጆች አሏቸው። ማታውን ሦስቱም ተራ በተራ ደወሉልኝ። ሻለቃ ገመዳ «ልጄ፣ ሜርስታ እሄድልሃለሁ፤ ከሁለቱ ጋር ግን አንድ መኪና ውስጥ አልገባም» አሉኝ። ጋሽ ደምመላሽ «አውሮፕላኑ ውኃ ላይ አርፎ ማን ልክ እንደ ሆነ ካልታየ፣ ከእነዚያ ጎን ቆሜ አልናገርም» አሉኝ። ሻምበል ካሳዬ ደግሞ ባጭሩ «ሲበር አነጋግረኝ» ብለው ዘጉት።

ለኢየሩሳሌም ነገርኳት።

«በምንድን ነው የተጣሉት?»

«በአውሮፕላን።»

«የምን አውሮፕላን?»

«የጋራ አውሮፕላን።»

«ናታን» አለች፤ «አባቴ ይህን ቢሰማ ሽማግሌዎቹን ሳይሆን በሩን ነው የሚቀይረው።»

እንግዲህ ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ከእሑዱ በፊት ባለው ቅዳሜ አውሮፕላኑን ማብረር። ቢበር ሦስቱም ይኮራሉ፤ የኮራ ሰው ይቅር ይላል። ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ሒሳቡ አይበርም አለ። ሒሳብ እንደ ሽማግሌ አይለመንም፤ ቢሆንም ለመንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አልቢ ሐይቅ ዳር ወረድን። ሦስቱ ጦር ሦስት ቦታ ቆመ። ሻምበል ካሳዬ ለዚህ ቀን የድሮ የበራሪ ጃኬታቸውን ለብሰዋል፤ ዚፑ ስላልዘጋ በመርፌ ቁልፍ አያይዘውታል። መቆጣጠሪያውን ለሳቸው ሰጠሁ። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ሰዎች ቆመው ያዩ ጀመር። ድመቶቹም መጥተዋል።

ሞተሩ ተነሣ። አውሮፕላኑ በእግረኛው መንገድ ላይ መንደርደር ጀመረ።

«ተነሥ» አሉ ሻምበል በለሆሳስ። «ተነሥ የኔ ጌታ።»

አልተነሣም። በጣም በጥሩ ሁኔታ መንገዱን ይዞ ሄደ። መታጠፊያው ላይ ሣሩ ውስጥ ገባ፤ ሣሩንም አለፈ፤ ጭቃውንም አለፈ።

«ጎማው!» ጮኹ ሻለቃ ገመዳ። «ጎማውን አያችሁት? እንደ ታንክ እኮ ነው የሚሄደው!»

«ይነሣል ወይስ አይነሣም?» አሉ ሻምበል መቆጣጠሪያውን ወደ ላይ እየሳቡ፣ አብረውም በጣቶቻቸው ጫፍ እየቆሙ።

አውሮፕላኑ ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት ድልድይ ላይ ወጣ፤ ጫፉ ደረሰ፤ ተወረወረ። ለአንድ አፍታ አየር ላይ ነበር። ሻምበል ካሳዬ እስከ ዛሬ ያ በረራ ነው ይላሉ። ከዚያ ውኃው ላይ ጧ ብሎ አረፈና ክንፉ በማጠፊያው ታጠፈ። አልሰጠመም። ሞተሩ እየጮኸ ወደ ሐይቁ መሐል ቀዘፈ። ጋሽ ደምመላሽ ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት።

ሻምበል በድንጋጤ ሌላ ቁልፍ ነክተው የሆዱ ክዳን ተከፈተ። በሶው ሐይቁ ላይ ፈሰሰ። ዳክዬዎች ከየአቅጣጫው መጡ፤ የፕሮግራሙ የመጀመሪያው የስንቅ ማድረስ ተልዕኮ በዚህ ተሳካ።

ካያክ በምትባል ቀጭን መቅዘፊያ ጀልባ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ ጎትተው ዳር አደረሱልን። ፈገግ ብለው «በጣም ቆንጆ ጀልባ ነው!» አሉን። ሻምበል ካሳዬ ጀርባቸውን አዙረው ዛፍ ማየት ጀመሩ።

«ጀልባ ነው አሉት» አሉ ጋሽ ደምመላሽ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው።

«ተንሳፋፊህ ነው የገደለው!» አሉ ሻምበል ዞረው።

«ቆርቆሮው ነው እንጂ!»

«የሾለው አፍንጫ ነው እንጂ!» አሉ ሻለቃ።

ሊተናነቁ ትንሽ ቀራቸው። በመሐል ገባሁ። «እባካችሁ፣ የሁላችሁም ሐሳብ ጥሩ ነበር» አልኩ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆይ እስቲ» አሉ ሻለቃ ገመዳ። «ተንሳፋፊና ጎማ አንድ ላይ ይሁን ያለው ማን ነው?»

«ናታን ነው» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«እኔ ፍጥነት ስል እሺ፣ እሱ በሶ ሲል እሺ ያለውስ?» አሉ ሻምበል።

«ናታን ነው!»

«ከመጀመሪያው አንድ ሰው "ይህ አይሆንም" ቢለን ኖሮ እኮ እኛ የምንሰማ ሰዎች ነን» አሉ ሻለቃ። ሁለቱ ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። ከኅዳር ጀምሮ ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ተያይዘው ወደ ሻለቃ ቤት ምሳ ሊበሉ ሄዱ፤ ሻምበል የሻለቃን ትከሻ ተደግፈው። እኔን አልጠሩኝም። ከአውሮፕላኑና ከድመቶቹ ጋር ቀረሁ።

ማታ ኢየሩሳሌም ደወለች። «ተስማሙ?»

«ተስማምተዋል።»

«በምን?»

«ጥፋተኛው እኔ ነኝ በሚለው።»

«ይበቃል» አለች።

እሑድ ከጓደኛዬ በተዋስኩት መኪና ሦስቱንም ይዤ ወደ ሜርስታ ነዳሁ። እስክንደርስ ድረስ በየተራ መከሩኝ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል። በልማዳችን ጠያቂው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይታይም፤ ስለዚህ ሕንፃው ሥር መኪናው ውስጥ ቀረሁ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። አልተዘጋም። ከዚያ በሳሎኑ መስኮት የሚታየኝን ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሦስቱም ቆመው ጎንበስ አሉ። ተቀመጡ። ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ቆይቶ የጋሽ ደምመላሽ እጆች ማዕበል ሠሩ። የሻለቃ እጆች አንድ ትልቅ ነገር ተከሉ። የሻምበል መዳፍ ከላይ እየተሽከረከረ ወረደ። የኢየሩሳሌም እናት ወይዘሮ ጽጌረዳ ሳይቀሩ ተነሥተው እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ወልደማርያም በነጠላ ጫማ ወርደው መጡና የመኪናውን መስኮት አንኳኩ።

«ናታን ማለት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።» ዘልዬ ወረድኩ።

«እንደ ሽማግሌዎችህ የተስማማ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። «ጸባዩ እንዴት ነው ብላቸው፣ ሦስቱም በአንድ አፍ "ማንንም እምቢ አይልም" አሉ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ሠርጉን ማቀድ ጀመሩ።»

«ሳይፈቅዱላቸው?»

«ሳልፈቅድ! አንዱ መርከብ ላይ ይሁን አለ። አንዱ ድንኳን ካልተተከለ ሠርግ አይባልም አለ። አንዱ ሙሽሮቹ በሄሊኮፕተር ይምጡ አለ። አሁን ድንኳን የተተከለበት፣ ሄሊኮፕተር የሚያርፍበት መርከብ ላይ ተስማምተዋል። ጽጌረዳ ደግሞ መርከቡ እዚህ ሜርስታ ድረስ ይምጣልኝ ትላለች።» ግንባራቸውን አሹ። «ስማ፣ ልጄን ማንንም እምቢ ለማይል ሰው ብሰጥ ቤታችሁ የመንገደኛ ሁሉ ነው የሚሆነው። ግባና እምቢ በላቸው። ቆሜ እሰማሃለሁ። ካልቻልክ መኪናህን አስነሣ።»

«ጠያቂው እንዲገባ ልማዱ አይፈቅድም እኮ፣ አባባ።»

«ልማዱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። በሩ ግን የኔ ነው።»

ገባሁ። ሦስቱ ሶፋው ላይ ተጣበው ተቀምጠው ሄሊኮፕተሩ ከድንኳኑ በፊት ይረፍ ወይስ በኋላ እየተመካከሩ ነበር። ኢየሩሳሌም ትሪ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች። ሲያዩኝ ሦስቱም ደነገጡ።

«እንግዲህ» አልኩ፤ «የሁላችሁም ሐሳብ ጥሩ...»

አቶ ወልደማርያም ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እነዚህ ሰዎች እዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያውን ካፖርት የሰጡኝ ሰዎች ናቸው። ሦስት ካፖርት ነበር፤ ሦስቱንም አንዱን ባንዱ ላይ ለብሻለሁ።

«ሻምበል፣ ሄሊኮፕተር የለም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «ጋሽ ደምመላሽ፣ መርከብም የለም። ሻለቃ፣ ድንኳንም የለም። አይሆንም። ገና ያልተፈቀደልን ሠርግ ነው። የመጣችሁት ልትጠይቁልኝ ነው፤ ጠይቁልኝና እንሂድ።»

ወይዘሮ ጽጌረዳ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሻምበል ካሳዬ ቀስ ብለው ተነሡ። ሊወጡ መሰለኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ፤ «ይህችን "አይሆንም" ኅዳር ላይ ብትላት ኖሮ አውሮፕላኑ አይበርም ነበር?»

«መናገር ይችላል እንዴ!» አሉ ሻለቃ ገመዳ ወደ ጋሽ ደምመላሽ ዞረው።

«ተንሳፋፊው ግን ሠርቷል» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

አቶ ወልደማርያም ምን አውሮፕላን እንደ ሆነ አልጠየቁም። ወደ ወንበራቸው ሄደው ተቀመጡና ሽማግሌዎቹን በየተራ አዩ። «ሰምተናል» አሉ። «ከቤተሰቡ ጋር እንመካከርበታለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። እናንተው ሦስታችሁ።»

በኛ ዘንድ «ተመለሱ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ሦስቱ እየተሳሳሙ፣ እየመረቁ፣ በሩ ላይ አንዱ ለሌላው «ቅደም»፣ «አይሆንም አንተ ቅደም» እያለ ወጡ። እኔ የመጨረሻው ነበርኩ። ኢየሩሳሌም ትሪውን እንደ ያዘች ጠጋ አለችኝ።

«ጎበዝ ነህ» አለች በሹክሹክታ። «ድንኳኑን ግን እኔ እፈልገዋለሁ።»

የዕለቱን እምቢታ ጨርሼ ስለ ነበር እሺ አልኳት።